ጫካ ማደር መማር እፈልጋለሁ፣ ከየት ልጀምር? (ሰሜን ስዊድን)

የጉለሌው ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ስዊድን ከገባሁ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። አምስቱን ስቶክሆልም ነበርኩ፤ ካለፈው የካቲት ጀምሮ ግን ሥራ አግኝቼ ሊክሰሌ መጥቻለሁ። አረጋውያን መንከባከቢያ ነው የምሠራው። ለማታውቁት፣ ሊክሰሌ ከኡሜዮ ወደ ውስጥ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከተማው ሁለት መንገድ ስትሻገር ያልቃል። ከዚያ ጫካ ነው። ጫካው ግን አያልቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት ቅዳሜ ሊንጎን ልለቅም ወጣሁ። ሊንጎን እነሱ ከሥጋ ጋር የሚበሉት ቀይ ኮምጣጣ ፍሬ ነው። መኪናዬን እንጨት ጫኞች የሚሄዱበት መንገድ ዳር አቆምኩና ባልዲ ይዤ ገባሁ። እዚህ ትንሽ፣ እዚያ ትንሽ እያልኩ አንገቴን ደፍቼ እለቅማለሁ። ባልዲው ግማሽ ሲደርስ ቀና አልኩ። ዛፉ ሁሉ አንድ ዓይነት። በየት ነው የገባሁት? ስልኬን አየሁት፣ 9 ፐርሰንት። ካፊያ ጀምሯል። የለበስኩት ኮፍያ ያለው የጥጥ ሹራብ ነው። "በዚህ ነው" ብዬ ሄድኩ፣ አልነበረም። ተመለስኩ መሰለኝ፣ እሱም አልነበረም። ሦስት ሰዓት ዞርኩ። በመጨረሻ የኤሌክትሪክ መስመር የተዘረጋበት ገላጣ ቦታ አገኘሁና እሱን ተከትዬ መንገድ ወጣሁ። ከመኪናዬ 4 ኪሎ ሜትር ርቄ! መኪናው ጋ ስደርስ እጄ ከመንቀጥቀጡ የተነሳ ቁልፉን ሁለቴ ጣልኩት። ልብ በሉ፣ በረዶ ገና አልጀመረም። ከዜሮ በላይ 8 ዲግሪ ነበር።

ከምንከባከባቸው ሰዎች አንዷ የ91 ዓመት ሴት ናቸው። ሰኞ ነገሩን ስነግራቸው ሳቁ። "ለምን ዛፍ አላቀፍክም?" አሉኝ። ቀልድ ይሁን ምን ይሁን አልገባኝም።

አፍሬያለሁ፣ ግን እልህም ይዞኛል። እዚህ ልኖር ከሆነ ጫካውን መፍራት አልፈልግም። የሥራ ባልደረቦቼ ልጆቻቸውን ይዘው ውጭ ያድራሉ። እኔ በ29 ዓመቴ እሳት እንኳን በጋዝ ምድጃ ነው የማውቀው። ቪዲዮ ሳይ አንዱ በመጥረቢያ ቤት ይሠራል፣ ሌላው ትል ይበላል። ኢንተርኔት ላይ ደግሞ በ2,400 ክሮነር "ሙሉ ዕቃ" የሚባል አየሁ፤ ክንድ የሚያህል ቢላዋ፣ የሽቦ መጋዝ፣ ምን የቀረው አለ። ልግዛ? መጀመሪያ ምን ልማር? ድብስ? ጀግና መሆን አልፈልግም። አንድ ሌሊት አድሬ ሰኞ በጤናዬ ሥራ መግባት ነው የምፈልገው።

ማልሞ ነኝ፦

ወንድሜ፣ ቤተሰቦቻችን ከጫካ ወጥተው ከተማ ለመግባት ስንት ዘመን ፈጀባቸው፣ አንተ በሳምንት ልትመለስ? ሊንጎን ሱቅ ውስጥ በጠርሙስ ይሸጣል። ቀልዴን ነው፣ እንኳን በሰላም ወጣህ። እኔም መልሱን እጠብቃለሁ።

ባና ለባሿ፦

ልጄ፣ እንኳን ለዚህ አበቃህ። ሴትዮዋ አልቀለዱብህም፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ምክር ከማን እንደምትቀበል ማወቅ አለብህ። የተወለድኩት መንዝ ነው፣ ከመሃል ሜዳ ትንሽ ወጣ ብሎ። በግ ስጠብቅ ነው ያደግኩት። እዚህ ከመጣሁ 19 ዓመቴ ነው፤ ቪንደልን ነው የምኖረው፣ ትምህርት ቤት ምግብ አበስላለሁ። አስር ዓመት አልፎታል የአደን ፈተናውን ካለፍኩ። በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ሳምንት ሲቀረው የኤልይ አደን ይከፈታል፣ ከመንደሩ ሰዎች ጋር እወጣለሁ። ኤልይ ያ ከበቅሎ የሚበልጠው ትልቁ አጋዘን ነው። (ያመሰኳል፣ ሰኮናውም የተሰነጠቀ ነው። የቀረውን ከነፍስ አባቴ ጋር ጨርሰነዋል፣ እዚህ እንዳትከራከሩኝ።) ከአስራ አንዳችን ውሻውን በአማርኛ የምጠራው እኔ ብቻ ነኝ። ውሻው ግን ይሰማል።

አሁን ወዳንተ። 8 ዲግሪ ነው ብለህ አትናቀው። በ30 ከዜሮ በታች ሰው ይጠነቀቃል፤ ይለብሳል፣ ይፈራል። ሰው የሚሸወደው በ8 ዲግሪና በካፊያ ነው። የውስጥ ሙቀትህ ከ35 በታች ሲወርድ ሰውነትህ ብቻ ሳይሆን ሐሳብህም ይበላሻል። እጅህ ሲንቀጠቀጥ ያየኸው መጀመሪያውን ነው። ሳትሞቅ መንቀጥቀጥህ ካቆመ ያን ጊዜ ነው የሚያስፈራው። ስለዚህ እዚህ ጫካ ውስጥ መትረፍ ማለት፣ ቢላዋና ወጥመድ ሳይሆን፣ ደረቅ ሆኖ መቆየት ነው። ትሉን ለቪዲዮው ሰውዬ ተውለት።

የራሴን ጉድ ልንገርህ። የመጀመሪያው ዓመት የካቲት ላይ አንዲት ጎረቤቴ "ነይ ጫካ ቡና እንጠጣ" አለችኝ። 17 ከዜሮ በታች ነው። እኔ የደጋ ልጅ፣ ብርድ ያስተምሩኛል እንዴ ብዬ ጋቢዬን ደርቤ ሄድኩ። በጉልበት በረዶ ስንሄድ አላበኝ። ደረስን፣ እሳት ነደደ፣ ጋቢዬ ላይ የነበረው በረዶ ቀለጠ። ውሃ ጠጣ። ከእሳቱ ራቅ ስል ደግሞ ጋቢው እንደ ቆርቆሮ ደርቆ ቆመ። ብቻውን ይቆማል! ጎረቤቴ ምንም ሳትናገር የራሷን የሱፍ ሹራብ አውልቃ ሰጠችኝ። እኔን ያበሸቀኝ ብርዱ አይደለም። እናቴ ባና ስትፈትል ነው ያደግኩት። የመንዝ እረኛ በርኖስና ባና የሚለብሰው ለጌጥ አይደለም፤ የበግ ጠጉር ነው፣ ቢረጥብም ሙቀት አይነፍግም። ጥጥ ግን ውሃ ይጠጣል፣ ከዚያ ያንተን ሙቀት ይጠጣል። ይህን የሚያውቅ አገር ተወልጄ፣ ለክት ልብስ ብዬ ጋቢ ይዤ ጫካ ገባሁ። ስሜንም ከዚያ ወዲህ ነው ባና ለባሿ ያልኩት።

ስለዚህ መጀመሪያ ልብስህን ቀይር። ከሥጋህ የሚነካው ሱፍ ይሁን፣ ካልሲም ጭምር። የውስጥ ሱሪህም ጥጥ አይሁን (ይቅርታ፣ ግን ማንም አይነግርህም)። አዲስ አትግዛ። ያገለገለ ልብስ የሚሸጥበት ሱቅ ሂድ፤ የሽማግሌ ሱፍ ሹራብ በርካሽ ሞልቷል። ከላይ ንፋስና ዝናብ የሚመልስ ጃኬት። ሌላው ነገር ላብ ነው። ከመሄድህ በፊት፣ እንጨት ከመፍለጥህ በፊት፣ አውልቅ። ትንሽ እየበረደህ ጀምር። ስታርፍ ደርብ። እኛ ስንሠራ ማላብ ያስከብረናል፤ እዚህ ያላበው ሰው ማታ ይከፍላል።

አሁን የዛፉ ነገር። እዚህ አገር ልጅ ሁሉ ገና በትንሽነቱ "ክራማ ኤት ትሬድ" ይባላል፣ ዛፍ እቀፍ። ከጠፋህ አንድ ዛፍ ምረጥ፣ ያዘው፣ እዚያው ቆይ ማለት ነው። ዛፉ አያሞቅህም። መሄድህን ነው የሚያስቆምልህ። አንተ ሦስት ሰዓት ስትዞር፣ ቢፈልጉህ ኖሮ የሚፈለገው ቦታ በየደቂቃው ይሰፋ ነበር። የጠፋ ሰው የሚሄደው ደግሞ ከድንጋጤ ነው እንጂ ከሐሳብ አይደለም። ቁም። ተቀመጥ፣ ግን በቀጥታ መሬት ላይ አይደለም፤ ቦርሳህ ላይ፣ ካጣህ የደረቀ ቅጠል ላይ። ውሃ ጠጣ። ከዚያ ወደ 112 ደውል። "ጠፋሁ" ብሎ መደወል አሳፋሪ እንዳይመስልህ። በስዊድን የብስ ላይ የጠፋን ሰው መፈለግ የፖሊስ ሥራ ነው፣ ቀደም ብለህ ብትደውል ይመርጣሉ። ያንተ ስልክ መስመር ባይኖረው እንኳ የሌላ ኩባንያ መስመር ካለ 112 ይሠራል። የ112 መተግበሪያ ጭነህ በሱ ስትደውል ያለህበትን ቦታ ያሳያቸዋል። ስልክህን ደግሞ ከውስጥ ልብስህ ሥር ያዝ፤ ብርድ ባትሪ ይጨርሳል። እኔ ፊሽካ አንገቴ ላይ አስራለሁ። ድምፅ ይደክማል፣ ፊሽካ አይደክምም።

እንዳትጠፋ ደግሞ ከመግባትህ በፊት ሁለት ደቂቃ ቁም። መንገዱ ከየት ወዴት ነው የሚሄደው? ወንዙስ? ያ ያዳነህ የኤሌክትሪክ መስመርስ? መንገዱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ከሄደና አንተ በሰሜን በኩል ከገባህ፣ በኮምፓስ ወደ ደቡብ የሄድክ እንደሆን የግድ መንገዱን ታገኛለህ። የኮምፓስ ትምህርት በመጀመሪያው ዓመት ይህችው ብቻ ትብቃህ። ስትገባም ወደ ኋላ እየዞርክ እይ፣ ጫካ ከኋላው ሌላ መልክ አለው። ፀሐይን ግን አትመን! የኛ ፀሐይ በምሥራቅ ወጥታ አናት ላይ ቆማ በምዕራብ ትገባለች፣ ሰዓቷን አክብራ። የዚህ አገሯ ሰኔ ላይ በሰሜን ምሥራቅ ወጥታ በሰሜን ምዕራብ ትገባለች፣ ገባች ከተባለ። ታኅሣሥ ላይ ደግሞ በደቡብ በኩል ብቅ ትልና በኛ ሰዓት 8 ሳይሞላ ትጠልቃለች። በጉለሌ ፀሐይ ብትሄድ ኖርዌይ ትገባለህ።

እሳት። እዚህ ላይ ትዕቢት ነበረብኝ። ጉልቻና ኩበት ላይ ያደግኩ ሰው ነኝ፣ እሳት ማያያዝ ማን ያስተምረኛል? የመጀመሪያዬ ዝናብ ላይ ግን አንድ ፓኮ ክብሪት ጨርሼ ጭስ ብቻ ነው ያገኘሁት። ችግሩ እንጨቱ ነው። መሬት ላይ የተኛው ሁሉ ከሥሩ እርጥበት መጥጧል። እዚህ ሁለት ሀብት አለ። አንዱ ቅርፊቱ ነጭ የሆነው ቢዮርክ ነው። ቅርፊቱን ኔቨር ይሉታል፤ ዘይት አለው፣ እርጥብ ሆኖ እንኳ እንደ ጧፍ ይነዳል፣ ጥቁር ጭስ እያወጣ። ወድቆ ከበሰበሰ ቢዮርክ ላይ ግንዱ ሲያልቅ ቅርፊቱ ይቀራል፤ የጫካውን ባለቤት ካስፈቀድክ ስትሄድ እያነሳህ ኪስህ ክተት። ሁለተኛው የአሮጌ ጥድ ጉቶ ነው። እንጨቱ አልቆ ሙጫ የጠገበው መሃሉ ይቀራል፣ ቀይ ብርቱካንማ ነው፣ ስታሸተው እንደ ዕጣን ያውድሃል። እሱንም አስፈቅደህ በቢላዋ እንደ ፀጉር ፋቀውና ክብሪት አስጠጋው። ዝናብም አያጠፋውም። እናቴ ብታየው ለቡና ታጨሰው ነበር።

ሦስት ውፍረት ያዝ፦ ክብሪት የሚያህል፣ ጣት የሚያህል፣ የእጅ አንጓ የሚያህል። ስትሰብረው "ቀጭ" ካለ ደረቅ ነው፣ ከተልመጠመጠ ጣለው። ይበቃል ብለህ ከሰበሰብክ በኋላ ያንኑ ያህል ሁለቴ ጨምር፤ ከዚያ በፊት ክብሪቱን አትንካ። የገና ዛፍ የሚያደርጉት ግራን ደግሞ ከታች፣ ከቅርንጫፎቹ ጥላ ሥር፣ ደርቀው የቀሩ ቀጫጭን ጭራሮዎች አሉት። ሰማይ ሲያለቅስ ውሎ እንኳ እነሱ ደረቅ ናቸው። ይህን ለክፉ ቀን ያዘው። ለልምምድ ግን መሬት የወደቀውን ጭራሮና የጥድ ፍሬ ብቻ ነው መውሰድ የሚፈቀደው፤ ከቆመ ዛፍ ቅርፊት መላጥም ቅርንጫፍ መስበርም ክልክል ነው። አለማንስሬተን፣ ማንም ሰው በተፈጥሮ የመዘዋወር መብቱ፣ ከ1994 ጀምሮ ሕገ መንግሥታቸው ውስጥ ገብቷል። ሰፊ መብት ነው፤ የሰው መሬት ላይ አንድ ሌሊት ድንኳን መትከል ትችላለህ። ግን ዛፉ የባለቤቱ ነው። እኔ ጎረቤቴን ስለጠየቅኩ ከሱ ጫካ እንደልቤ ነኝ።

የት እንደምታነድም አስብ። ቋጥኝ ላይ አታንድድ፣ ድንጋዩ ይሰነጠቃል፣ ጠባሳውም አይጠፋም። ሞሳ የሚሉት ያ መሬቱን የሚሸፍን ስፖንጅ የመሰለ ሽበት ላይና ጥቁሩ አፈር ላይ ከሆነማ እሳቱ ወደ ታች ይገባል። አጠፋሁት ብለህ ትሄዳለህ፣ እሱ ከሥር ሲጨስ ሰንብቶ በሦስተኛው ቀን ሌላ ቦታ ብቅ ይላል። በበጋቸው "ኤልድኒንግስፈርቡድ" ሲታወጅ ደግሞ እሳት የለም፤ ከመውጣትህ በፊት የወረዳህን ገጽ እይ። በ2018 በዚህ አገር ከ20,000 ሄክታር በላይ ጫካ ተቃጥሏል። ያን ሐምሌ ቪንደልን ላይ እሳት የሚያነድ ሰው ቢገኝ መንደሩ በዱላ ነበር የሚጠብቀው።

እና ቤትህ ጓሮ ወይም የተፈቀደ ማንደጃ ቦታ ሂድና በዝናብ ቀን እሳት አያይዝ። በፀሐይ ቀን መማር ዋጋ የለውም። እስክትሰለች ድረስ።

ለአዳር ከቪንድሺድ ጀምር። ሦስት ግድግዳና ጣሪያ ያለው፣ ፊቱ ክፍት የሆነ የእንጨት መጠለያ ነው፤ ከፊቱ ማንደጃ አለው፣ ብዙዎቹ ጋ የተፈለጠ እንጨትም ይቀመጣል። ሊክሰሌ ዙሪያ ሞልቷል። ለመጀመሪያ ጊዜ ከመኪናህ 300 ሜትር የማይርቀውን ምረጥ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ካቃተህ ተነስተህ መኪናህ ውስጥ ተኛ። ይህ ሽንፈት አይደለም፣ ትምህርት ነው። ከላይ የምትለብሰው ላይ አትጨነቅ፤ ሰው የሚበርደው ከታች ነው። ፍራሽህ ሁለት ይሁን፣ አንዱ አየር የሚነፋ ከሆነ ሌላው የስፖንጅ። ድሮ የግራን ቅርንጫፍ ስንዝር እስኪሆን አንጥፈው ነበር የሚተኙት፤ አሁንም ከባለቤቱ ካስፈቀድክ ከሱ የሚሻል አልጋ የለም።

ያን የ2,400 ክሮነር ዕቃ እርሳው። ያ ክንድ የሚያህለው ቢላዋ ሽንኩርት እንኳ አይከትፍም። የሞራ ከተማ ቢላዋ ግዛ፤ እዚህ አናጢውም አዳኙም የሚይዘው እሱን ነው፣ ዋጋው የአንድ ምሳ ያህል ነው። ክብሪት ክዳን ባለው ጠርሙስ፣ ትንሽ ድስት፣ የግንባር መብራት፣ መቀመጫ ስፖንጅ፣ ሸራ፣ ሁለት ትልልቅ ጥቁር የቆሻሻ ላስቲክ። ላስቲኩን አትሳቅበት፤ ለጭንቅላትህ ቀዳዳ አውጥተህ ከለበስከው ያን ቅዳሜ አትንቀጠቀጥም ነበር። ስንቅህ በሶ ይሁን። እዚህ ሰዎች የታሸገ የደረቀ ምግብ በስንት ብር ይገዛሉ፤ በሶ ከሱ ምን ያንሳል? በፔርሙስ ሙቅ ውሃ፣ ትንሽ ቅቤና ማር። ጓደኞቼን አስለምጃቸዋለሁ።

ድብ አለ። በ19 ዓመት ሁለቴ ጀርባውን አይቻለሁ። ድምፅ እያሰማህ ሂድ፣ ካየኸው አትሩጥ፣ እያወራህ ቀስ ብለህ ወደ ኋላ ሂድ። እኔን የሚያስፈራኝ ድብ ሳይሆን ማታ መኪና መንገድ ላይ የሚቆም ኤልይ ነው። ትንኙ ደግሞ ከሁለቱም ይብሳል፣ ግን ለዘንድሮ አልፎልሃል።

መማሪያ ከፈለግህ ፍሪሉፍትስፍሬምያንዴት የሚባል ማኅበር አለ፣ ከ1892 ጀምሮ የቆየ ነው፣ በየከተማው ቅርንጫፍ አለው። ከኔ ይልቅ በትዕግሥት ያስተምሩሃል።

የኤድመንተኑ ሾፌር፦

እትዬ ባና፣ እጅ ነስቻለሁ። ካናዳ አልበርታ ነኝ፣ ከባድ መኪና ነው የምነዳው፣ ከኤድመንተን ፎርት ማክመሪ፣ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ። ጫካው ያው የናንተው ነው፣ ጥድና ግራን፣ ረግረግ። አንድ ሁለት ነገር ልጨምር፣ በተለይ እዚህ ላላችሁ።

አንደኛ፣ ስልክ ብዙ ቦታ የለም። እኔ በሳተላይት መልእክት የሚልክ ትንሽ መሣሪያ ይዣለሁ፣ በየወሩ እከፍላለሁ፣ ሚስቴም ትተኛለች። ሁለተኛ፣ እዚህ የድብ መርጫ ይዘን ነው የምንገባው፣ ቀበቶ ላይ፣ ቦርሳ ውስጥ አይደለም። የስዊድን ልጆች ግን ከኛ ኮርጃችሁ እንዳትገዙ፤ ዘመዴ ያለ ፈቃድ እንደ መሣሪያ ነው የሚቆጠረው ብሎኛል።

ሦስተኛው ያልተነገረው ነገር መኪናው ነው። ከኛ ሰው ጫካ ለማደር የሚወጣው ስንት ነው? መኪናው የሚቆምበት ግን ብዙ ነው። አንድ ጥር ላይ 34 ከዜሮ በታች ሞተሬ ጠፋ። ስድስት ሰዓት ጠበቅኩ። ያተረፈኝ ከኋላ የነበረው ብርድ ልብስ፣ ሁለት ሻማ በቆርቆሮ ውስጥና ከመኪናው አለመውጣቴ ነው። መስኮቱን ጣት በሚያሾልክ ልክ ክፈቱ፣ ሻማም አየር ይፈልጋል። ሞተር ካስነሳችሁ ደግሞ የጭስ ማውጫው በበረዶ አለመደፈኑን እዩ። መኪናውን ጥሎ የሄደ ሰው ነው የሚጠፋው። እትዬ ያሉት ዛፍ ለኔ መኪናው ነው።

ስለ እሳቱም ልክ ብለዋል። በግንቦት 2016 ፎርት ማክመሪ ሲቃጠል ወደ 88,000 ሰው ነው የወጣው። እኔ ወደ ደቡብ ስነዳ ሰማዩ በቀትር ጨልሞ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሲጋራ እንኳ በመስኮት የሚጥል ሰው ሳይ ደሜ ይፈላል።

ነርስ ነኝ ኡሜዮ፦

አንድ ነገር ብቻ። የጉለሌው፣ ሊንጎን ለቅመህ ከወደድከው ቀጥሎ እንጉዳይ ሊያምርህ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ከሰው ጋር ካልሆንክ አንዲት እንጉዳይ እንዳትበላ። ካንታሬል የሚባለውን ቢጫውን ፈልገው ቶፒግ ይፍትስፒንድሊንግ የሚባለውን የሚለቅሙ አሉ። እሱ ኩላሊት ነው የሚያጠፋው፣ ምልክቱም የሚመጣው ከቀናት በኋላ ነው፤ ሰውዬው ምን እንደበላ ረስቶታል። ነጩ መርዛማ እንጉዳይ ደግሞ የሚያጠፋው ጉበት ነው። መተግበሪያ ፎቶ አንስቶ "ይበላል" ቢላችሁ አትመኑት። "ከኢትዮጵያው ጋር ይመሳሰላል" ብሎ መብላት ደግሞ ከሁሉም ይብሳል።

የጉለሌው ልጅ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እትዬ፣ ሦስቴ ነው ያነበብኩት። ሱፍ ሹራብ በ80 ክሮነር አገኘሁ፣ የሆነ የሞቱ አባት ሳይሆን አይቀርም፣ ትንባሆ ይሸታል። ጥያቄ አለኝ። ቢላዋውን መኪናዬ ውስጥ ብተወው ፖሊስ ያስቸግረኛል? ቆዳዬን ስለማውቀው ነው የምጠይቀው።

ባና ለባሿ፦

ልክ ነህ፣ ጠይቅ። ከ1988 ጀምሮ ሕግ አለ። ቢላዋ በሕዝብ ቦታም መኪና ውስጥም ያለ ምክንያት መያዝ ክልክል ነው። ወደ ጫካ ስትሄድ፣ ከጫካ ስትመለስ ምክንያት አለህ። ከዚያ ቤት ግባና አውጣው። ቀበቶህ ላይ ሰክተህ ሱቅ እንዳትገባ። እኔ ቦርሳዬ ሥር ከድስቱ ጋር ነው የማስቀምጠው፤ አንድ ጊዜ ተጠይቄ ድስቱን ሳሳያቸው ሳቁ።

ሌላ ደግሞ አደን ላይ ነን። ብርቱካንማ ኮፍያ አድርግ። ቡኒ ጃኬት ለብሰህ ቁጥቋጦ ውስጥ እንዳትገባ፣ ኤልይ ትመስላለህ።

በረዶው ከረጋ በኋላ ደግሞ ኡሜ ወንዝ ላይ እንዳትወጣ። ሐይቅ ላይ ጠንካራና ጥርት ያለ በረዶ 10 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ሰው ይሸከማል። ኡሜ ግን ግድብ በግድብ ነው፤ ውሃው ከፍ ዝቅ ሲል በረዶው ከሥሩ ባዶ ይሆናል። ከላይ ሲታይ አስፋልት ነው።

የጉለሌው ልጅ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)፦

አደርኩ!

ዓርብ ማታ። ከመኪናዬ 250 ሜትር፣ ቆጥሬዋለሁ። 3 ከዜሮ በታች ወረደ። እሳቱ 50 ደቂቃ ፈጀብኝ። ኔቨሩ እንዳሉት እንደ ጧፍ ነደደ፣ ግን ቀጫጭኑን ጭራሮ አሳንሼ ስለሰበሰብኩ ሁለቴ ጠፋብኝ። "ሁለቴ ጨምር" ብለውኝ ነበር። አንዴ ነው የጨመርኩት። በሶውን በሞቀ ውሃ በጥብጬ ጠጣሁ፤ እናቴን በቪዲዮ ደውዬ አሳየኋት፣ አለቀሰች፣ ከዚያ "ምን አጥተህ ነው?" አለችኝ።

እንቅልፍ ሦስት ሰዓት ያህል። የሚነፋው ፍራሽ ሌሊት አየሩ ወጣ፤ የስፖንጁ ባይኖር ወደ መኪናው እሄድ ነበር። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ አንድ ነገር ከበስተጀርባ ረግጦ አለፈ። ከባድ ነው። ቆመ፣ አሸተተ፣ ሄደ። ምን እንደሆነ አላየሁም፣ ለማየትም አልተነሳሁም። ጠዋት የሰኮና ዱካ አገኘሁ፣ እጄን የሚያህል።

ሰኞ ሥራ ገባሁ። ሴትዮዋ ጃኬቴን አሸተው ጭስ ጭስ ትላለህ አሉኝ፤ የየትኛው ዛፍ እንደሆነም ነገሩኝ፣ አልተሳሳቱም።

አንድ ኪሳራ ብቻ። ጫማዬ ረጥቦ ነበርና እሳቱ አጠገብ አስጠግቼ ተኛሁ። ጠዋት የግራው ሶል ቀልጦ እንደ አምባሻ ጠፍጥፏል። ርካሽ የክረምት ጫማ የት አገኛለሁ?

ባና ለባሿ፦

ጫማ እሳት ዳር አይደርቅም ልጄ፣ ይቃጠላል ወይ ይሰነጠቃል። ውሃውን በደረቅ ካልሲ ጠርገህ፣ በላስቲክ ጠቅልለህ እንቅልፍ ከረጢትህ ውስጥ ይዘኸው ትተኛለህ። ይሸታል፣ ግን ጠዋት በብርድ ደርቆ አይጠብቅህም።

አትግዛ። ልጄ ስቶክሆልም ሲሄድ ጥሎት የሄደ ከውስጥ ሱፍ ያለው ቦት አለ። ቁጥርህ ስንት ነው? እሱ 43 ነው።